ጨዋ ልጅ

የወይዘሮ በለጠች ልጅ ምስጋና አፏን መያዝ አታውቅም ነበር። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ያላስቀየመችው ጎረቤት አልቀረም፤ ደብረ ታቦር ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ሰፈር፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እትዬ ዓለሚቱ ቤት ዝክር ተጠርተው ሳለ፣ «እማዬ የእርስዎ ጠላ ውሃ ውሃ ይላል ብላለች» ያለች ቀን፣ በለጠች መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እትዬ ዓለሚቱ ከዚያ ወዲህ በሩቁ ነው ሰላም የሚሏት።

በለጠች ልጇን ማስተማር ያዘች። ቁንጥጫውን ሞክራው አልሠራም፤ ስለዚህ ጠጉሯን እየሠራች ታለማምዳታለች።

«የሰው ቤት ወጥ ጨው ቢበዛውስ?»

«ይጣፍጣል እላለሁ።»

«ጎረቤት የገዛችው ቀሚስ ባያምርባትስ?»

«በደስታ ይልበሱት።» ምስጋና ትንሽ ታስብና፣ «ውሸት አይደል እንዴ?» ትላለች።

«አይደለም። ውሸት ራስን ለማዳን ነው። ይሄ የሰው ልብ እንዳይሰበር ነው።»

በለጠች በዚህ መልሷ በጣም ትኮራ ነበር። ባሏ ገሰሰ የመንገድ ሥራ ማሽን ሊነዳ አሶሳ በኩል በረሃ ከገባ ወዲህ ልጅ ማሳደጉ በእሷ ብቻ ወድቋል። እናትየዋ ስድ አሳደገች እንዳትባል የምትፈራውን ያህል የምትፈራው ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አዳነ ይባላል፤ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖረው የአስተማሪዋ የሠናይት ወንድም ነው። ከመርሳ ነው የደወለው።

«እናታችሁ? መቼ? ቀበራችኋቸው?» አለች በለጠች፣ ሳታስበው ጮክ ብላ።

ቀብረዋቸዋል። የሠናይት አጎት አቶ መልካሙ ነገ ሲነጋ ከሽማግሌዎች ጋር መጥተው ያረዷታል። እስከዚያ እንዳትሰማ፣ አደራ! ወጉም እንደዚያ ነው፤ መርዶ እንደ ተራ ወሬ በስልክ አይነገርም፤ ማለዳ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ክንድ አጠገቧ ሆኖ ነው። ያለጊዜው ያሰማ ሰው ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል።

በለጠች ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ምስጋና በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ከሰው ሁሉ ይቺ ትስማ!

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ትንፍሽ እንዳትዪ። ብትጠይቅሽ እንኳ ፊትሽን እንዳትለዋውጪ።»

ከሰዓት በኋላ ሠናይት ከትምህርት ቤት ተመለሰች። በለጠች የገዛ ፊቷን አላመነችውምና ጓዳ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ሠናይት ደጅ ላይ ምስጋናን ስታናግር እያንዳንዱ ቃል ይሰማታል።

«እናትሽ ምነው ዛሬ ብቅ አላለች?»

«ጥርሷን አሟት ተኝታለች።»

«ውይ፣ እግዜር ይማራት። ነይማ፣ ይሄን ነጠላ እይልኝ። ለእናቴ ነው የገዛሁት፤ ጥለቱ ያምራል?»

በለጠች ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

«በጣም ያምራል» አለች ምስጋና። ድምፅዋ ቅንጣት አልተንቀጠቀጠም። «ደስ ይላቸዋል።»

በለጠች ጓዳ ውስጥ ሆና እንባዋ እየወረደ ልጇን መረቀቻት።

ሲነጋ አቶ መልካሙና ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ጎረቤቱም ተሰበሰበ። የሠናይት ጩኸት ሰፈሩን አናወጠው። ደረቷን ስትደቃ፣ መሬት ስትወድቅ፣ እንደ ወጉ ሁሉም አፈፍ አድርገው ይዘው አለቀሱላት። ትንሽ ጋብ ሲልላት ዐይኗ ምስጋና ላይ አረፈ።

«አንቺ ትናንት ታውቂ ነበር?»

«ልብሽ እንዳይሰበር ብዬ ነው» አለች ምስጋና።

ሠናይት ፊቷን አዞረች። እትዬ ዓለሚቱ ግን ወደ በለጠች ጠጋ ብለው፣ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ወጣችልሽ እባክሽ!» አሏት። በለጠች በለቅሶ መካከል ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አሳፈራት።

ዘመዶቿ ሠናይትን ይዘው ወደ አገሯ ሲሄዱ፣ ግቢው ጭር አለ። ምስጋና እናቷ ወንበር ስትሰበስብ ቆማ ታያት ነበር።

«እማዬ፣ አባዬ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ለምን አይደውልም?»

«ያለበት ቦታ ኔትወርክ የለም። ካምፕ ሲመለስ ይደውላል።»

እውነቷን ነበር። ያም ሆኖ ስልኳን አውጥታ ደወለች፤ ጥሪው አልሄደም። ምስጋና የእናቷን ፊት አተኩራ አየች፤ አንድም የሚያስታውቅ ነገር አላገኘችበትም።

«ማርያምን! ደህና ነው ስልሽ!»

«እሺ» አለች ልጅቷ በለስላሳ ድምፅ። የእናቷን እጅ ያዘች። «አይዞሽ እማዬ። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ እጠብቃለሁ።»