ለቅዱሳኑ ምትክ ቤት

እትዬ ወለተሃና የስልካቸውን መስታወት በነጠላቸው ጫፍ እያበሱ ነበር። ቦታ የሚያገኙለት ይመስል ደጋግመው አበሱት። ጽሑፉ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ሜሞሪው ሞልቷል፣ ቪዲዮ መቅረጽ አይቻልም ይላል።

ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው ሶሲ ከኬጂ ትመረቃለች። እናቷ ለመስክ ሥራ ጅግጅጋ ስለሄደች፣ «እማዬ፣ ግጥሟን ስትል ቀርጸሽ ላኪልኝ፤ አደራ!» ብላለች። እትዬ ወለተሃና የኮንዶሚኒየሙን ኮሪደር ተሻግረው የጎረቤታቸውን የሲምረትን በር አንኳኩ።

ሲምረት ስልኩን ከፍታ ፎቶዎቹን ቁልቁል ስታይ ቆየችና ሳቀች።

«እትዬ፣ ይሄ ሁሉ ሚካኤል፣ ይሄ ሁሉ ገብርኤል?»

«የማኅበራችን ሰዎች ናቸው። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ሥዕል ‹እንኳን አደረሳችሁ› ብለው ይልካሉ።»

«አይተው ያጥፏቸዋ!»

«በስመአብ! እመቤታችንን በገዛ ጣቴ ላጥፋ? ደግሞ ሜሞሪ ካርድ አስገብቼለት የለ? ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር የገዛሁት።»

ሲምረት ካርዱን አየችው። «ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ ይሆናል? ዓመት ሙሉ እዚያው ተቀምጦ!»

«ካላዘዙት ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። የስልኩን ሜሞሪ ወጥ ቤት፣ ካርዱን ዕቃ ቤት በሉት። ካሜራውም ቴሌግራሙም የሚሠሩት ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው። እርስዎ ቅዱሳኑን ሁሉ እዚያ ደርድረው ካሜራውን መላወሻ አሳጡት፤ ዕቃ ቤቱ ደግሞ ኦና። አሁን ወደ ካርዱ እናዛውራቸዋለን፤ አንድም አይጠፋም።»

እትዬ ወለተሃና የድሮው የልደታ ቤታቸው የፈረሰ ጊዜ ትዝ አላቸው።

«እነሱንም የልማት ተነሺ ልታደርጊያቸው ነው?»

«ምትክ ቤት አላቸው እኮ! ያውም ሰፊ።»

«እንግዲያስ ቀስ ብለሽ አንሺያቸው፤» አሉ እየሳቁ። ሲምረት ሁሉንም አዛወረች፤ አዲስ ሲመጣም እንዴት እንደሚያዛውሩ አሳየቻቸው።

በምረቃው ላይ ሶሲ ግጥሟን መሀል ላይ ረሳችው። አያቷን ፈልጋ አየች፣ ሳቀች፣ ከመጀመሪያው ጀመረች። ስልኩ መርሳቷንም መሳቋንም ሳያቋርጥ ያዘው።

ቪዲዮውን ለልጃቸው ላኩላት፤ ወደ ቤት ሲገቡ መልስ ደረሳቸው። «እማዬ፣ የሥራ ባልደረቦቼን ሁሉ አሳየኋቸው! የረሳችበትን ሦስቴ ደገምነው።»

ወዲያው ስልኩ ደግሞ ድምፅ አሰማ። አንድ የማኅበራቸው ሰው የጠዋቱን ሥዕል ዘግይቶ ልኳል። እትዬ ወለተሃና መነጽራቸውን አደረጉ። ሥዕሉን ተሳለሙ፤ ጣታቸውን ጫን አድርገው ያዙት፤ ሲምረት እንዳሳየቻቸው ወደ ካርዱ አዛወሩት። መግባቱን ካርዱን ከፍተው አረጋገጡና ስልኩን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጡት።