የበር ላይ ሳል

ኬሳር ሦስት ዓመቷ ነው። ትኩሳት አልለቅ ብሏት አጥንቷ ብቻ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ወስደዋት አክታ ትፊ ብትባል ዋጠችው፤ ሕፃን ልጅ አክታ መትፋት የት ያውቃል? ራጅ ብትነሳም በሽታው አልለየም።

«ቤት ውስጥ የሚያስል ሰው አለ?» አለች ነርሷ።

«ማንም የለም» አለች እናቷ ዳፑ።

«ደህና አድርገሽ አስቢ እንጂ! ልጅቱ ቲቢን ከሰማይ አላወረደችው።»

«የለም አልኩ እኮ፣ ሲስተር! ፈጥሬ ልንገርዎት?»

አልዋሸችም።

ቤቷ ተመልሳ ሊጥ ስታቦካ ከበር ላይ ሳል ሰማች። የባሏ አባት ናቸው። ሁልጊዜም ሊገቡ ሲሉ ይስላሉ፤ እሷም ፊቷን እንዳያዩ ሻሿን ትጥልበታለች። ጨዋ ሰው ሳይስል ምራቱ ያለችበት ቤት አይገባም። ይህንን ደግሞ ሳል ብሎ የሚቆጥር ማን አለ?

በሊጥ እጇ ሻሿን ሳበች። ሳሉ ግን አላባራም። «ተሸፍኜ የለም እንዴ? አሁን ለማን ነው የሚስሉት?» አለች በልቧ፤ ወዲያው የነርሷ ጥያቄ ትዝ ብሏት ክው አለች።

«አባባ!» ኬሳር ሮጣ እቅፋቸው ውስጥ ገባች።

ዳፑ አፏን ከፈተች። ግን ምራት ለአማቷ ድምጿን አታሰማም፤ ከተዳረች ጀምሮ አንድ ቃል ተናግራቸው አታውቅም። ቃሏን የሚያደርስላት ባሏ ደግሞ ሩቅ ሱራት ከተማ፣ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የሚሠራው።

«የኔ አይጥ፣ ማነው እንዲህ ሥጋሽን የጨረሰው?» አሉ ሽማግሌው፤ ሊስቁ ሲሉ ሳሉ ቀደማቸው፣ ፊታቸውንም ከልጅቱ ፊት አላዞሩም።