ጋሼ ያልሰማው መኪና

“ሰማህ?” አለ አለቃው ከጥላው ሥር ሆኖ እየጮኸ።

ጋሼ ነጩን ዘንግ ደረቱ ላይ አስደግፎ፣ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ዘንበል አድርጎ፣ በድርጅቱ የመኪና ማቆሚያ መካከል ቆሟል። ሲሰማ እጁን እንዲያነሣ ተነግሮታል። መኪናዋ ከበስተጀርባው ቀስ እያለች ትመጣለች፤ አዲስ፣ ነጭ፣ የኤሌክትሪክ። ሹፌሩ ጥርሱን ነክሶ መሪውን ጨብጧል። ከአጥሩ ወዲያ አውቶቡሶች ያጓራሉ፤ የሆነ ቦታ ብረት ይቀጠቀጣል። መኪናዋ የጋሼን የኮት ጫፍ አውለብልባ አለፈች። እጁን ያነሣው ያን ጊዜ ነው፤ ያውም “ሰማሁ” ለማለት ሳይሆን ደንግጦ ፊቱን ሊከላከል።

“አልሰማሁም” አለ። “አየሩ ሲነካኝ ነው ያወቅሁት።”

ደገሙት። ያው ሆነ። አሁንም ደገሙት። በመጨረሻው ሙከራ ሹፌሩ በፍርሃት ፍሬኑን ረገጠና ጋሼ ጎማው አስፋልቱን ሲቧጥጠው ሰማ፤ እጁንም አነሣ። የገበያ ኃላፊዋ ልታጨበጭብ ስትል የሰው ሁሉ ፊት ከለከላት።

ጥላው ሥር የቆሙት አራት ናቸው፤ አለቃው፣ የሕግ አማካሪው፣ የገበያ ኃላፊዋና ድምፅ ቀማሚው። ለመኪኖቹ የማስጠንቀቂያ ድምፅ የሠራው ድምፅ ቀማሚው ነው። መካከል ላይ የቆመው ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ታላቅ ወንድሙ ነው።

ነገሩ የመጣው ድርጅቱ ለታክሲ የሚሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ባስመጣ ጊዜ ነው። የትራፊክ መሥሪያ ቤቱ፣ “ሞተራችሁ ስለማይጮህ እግረኛው የሚሰማው ድምፅ ግጠሙላቸው፤ ማየት የተሳነው ሰውም ሞክሮ ይመስክር” አለ። ከዚያ ስብሰባ ተጀመረ፤ ስብሰባ ደግሞ እንደሚታወቀው አንዴ ከተጀመረ ፍሬን የለውም።

“እኔ የገዛሁት ዝም የሚል መኪና ነው” ብሎ ነበር አለቃው። “ጩኸት ብፈልግ ኖሮ አሮጌዎቹን ለምን ሸጥኋቸው?”

“ተሳፋሪው ሐር ላይ የተቀመጠ እንዲመስለው ነው የምንፈልገው” አለች የገበያ ኃላፊዋ።

“ሐር ይጮሃል እንዴ?”

“ሹክ ይላላ!”

የሕግ አማካሪው መነጽሩን ጠርጎ፣ “ድምፅ መኖሩ ነው ዋናው፤ ምን ያህል የሚለውን እኛ እንወስናለን” አለና ሁሉም ተነፈሱ።

ድምፅ ቀማሚውም ሹክ የሚል ድምፅ ሠራላቸው። የሠራው ግድግዳው በስፖንጅ በተለበጠ፣ ዝንብ እንኳ ክንፏን ለማንቀሳቀስ በምታፍርበት ስቱዲዮ ውስጥ፣ ጆሮውን ግጥም አድርጎ በሚይዝ ማዳመጫ ነበር። ቃናው ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ የተኛ ሰው ጎኑን ሲለውጥ የሚያወጣውን ትንፋሽ የሚመስል። አለቃው ዓይኑን ጨፍኖ አዳምጦ “ይህን ሰው የት ደብቃችሁት ነው?” አለ። ድምፅ ቀማሚው በኑሮው እንዲህ ተመስግኖ አያውቅም። ቤት ወስዶ ለሚስቱ ሲያሰማት፣ “ማቀዝቀዣችን ነው እንዴ?” ብትለው ሁለት ቀን አኮረፋት።

ዛሬ ድምፁን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ውጭ ሲሰማው፣ ማለትም ሳይሰማው ሲቀር፣ ምን እንዳጠፋ ወዲያው ገባው። መንገድም የሚያጓራው በዚያው ዝቅ ባለ ቃና ነው። የእሱን ትንፋሽ አውቶቡሱ ሳያላምጥ ውጦታል። ይህን ሙያውን የሚጀምር ተማሪ እንኳ ያውቃል። እሱም ያውቅ ነበር፤ ማዳመጫውን አውልቆ በር ላይ አለመውጣቱ ነው እንጂ።

አለቃው ወደ ድምፅ ቀማሚው ጆሮ ጠጋ አለ። “ምንድን ነው ነገሩ? ሰውዬው ነው የማይሰማው ወይስ መኪናዋ ናት የማትናገረው?”

የገበያ ኃላፊዋ ታየዋለች። አማካሪው ያየዋል። “ይህን ሰው የት ደብቃችሁት ነው” የሚለው ምስጋና ገና አልበረደም።

“እ… ጆሮው ሰሞኑን ደከም ብሏል” አለ ድምፅ ቀማሚው በሹክሹክታ። “ዕድሜም አለ።”

ይኸው ነው። ከአፉ ሲወጣ አልከበደውም፤ እንዲያውም አለቃው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው ቀለለው። “ሲያሳዝን! ዓይኑም ጆሮውም?” አለች የገበያ ኃላፊዋ ከልቧ። አማካሪው “እንግዲያው የዛሬው አይቆጠርም” ብሎ በነጋታው ሌላ ምስክር አመጣ። የአማካሪው ሚስት አጎት ናቸው፤ መኪናዋ ገና ሳትነሣ እጃቸውን አነሡ። መኪኖቹ ቅዳሜ ሥራ ጀመሩ።

ሙከራው በተደረገበት ሐሙስ ወደ ቤት ሲመለሱ ጋሼ መንገዱን ሁሉ አልተናገረም። ዝም ማለት አያውቅበትም። በሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነው፤ ሐኪሞቹን ሁሉ “ሃሎ” ከማለታቸው በፊት በአተነፋፈሳቸው ይለያቸዋል። ጠዋት ጠዋት ያንን ሰፊ መንገድ ብቻውን ተሻግሮ ሥራ ይገባል። ጎረቤቱ ሰክሮ ሲያልፍ “ዛሬ ግራ እግርህ ቀድሞሃል፣ ጠብቀው” ይለዋል። ያ ሰው ነው ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ የተቀመጠው።

“ከመቼ ጀምሮ ነው?” አለ ቤት ሊደርሱ ሲሉ።

“ምኑ ጋሼ?”

“ጆሮዬ ነዋ። ከመቼ ጀምሮ ነው የደከመው?”

ድምፅ ቀማሚው መሪውን ጠበቅ አደረገ። እዚያው ላይ ሊያበቃ የሚችል ነገር ነበር። ‘ዋሽቼ ነው፣ አለቃዬን ፈርቼ ነው’ ቢል ጋሼ ጭንቅላቱን አንድ ኩርኩም ሰጥቶት፣ ተሳስቀው ይገቡ ነበር።

“ትንሽ ነው” አለ። “የሚያሳስብ አይደለም። እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ያልነገርኩህ።”

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። አመነው። የሚያምንበት ምክንያት ነበረው። እናታቸው ሥራ ስትውል ታናሹን ያሳደገው እሱ ነው፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን እያስጨፈነ፣ የትኛው ጭነት መኪና ተጭኖ፣ የትኛው ባዶውን እንደሚያልፍ ያስለየው ነበር። ታናሹ ድምፅ ቀማሚ ሲሆን ሆስፒታሉን ሁሉ በስልክ አዳርሷል፤ “የኔ ወንድም እኮ ጆሮው እንጀራው ነው!” ታዲያ ያ ወንድም “ደክመሃል” ካለ ደክሟል ማለት ነው። ከእሱ በላይ ማን ያውቃል?

ሰኞ ድምፅ ቀማሚው ከሥራ ሲመለስ ሚስቱ በር ላይ ጠበቀችው። ጋሼ የሚኖረው በዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ካለችው ክፍል ነው፤ በሩ ዝግ ነበር።

“ጋሼን ምን አድርገኸው ነው?”

“እኔ ምን አደርገዋለሁ?”

“ዛሬ ሥራ አልሄደም። ‘ስልክ አሳስቼ ባገናኝ ሰው ይጎዳል፣ ሌላ ሰው ተኩ’ አላቸው። ሱቅ ድረስ ክንዴን ይዞኝ ሄደ። ጋሼ! ‘አንቺ ራስሽ ትደናቀፊያለሽ፣ ይልቅ እኔን ያዢኝ’ የሚለኝ ሰው! መንገዱ ጋ ስንደርስ ባዶ መንገድ ላይ ቆሞ ‘ይመጣል እንዴ? ይመጣል እንዴ?’ ይለኛል።”

ጫማውን እያወለቀ ነገራት። በአጭሩ፣ ራሱን ትንሽ እያዳነ።

“በሹክሹክታ ነው ያልከው?” አለችው።

“አዎ።”

“እሱ የት ነበር?”

“ማዶ። ከመኪናዋ ወዲያ።”

“አውቶቡሱ እያጓራ?”

“አዎ አልኩሽ እኮ።”

“ያንን ሁሉ አልፎ ሹክሹክታህን ሰማ።” እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። “እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው ጆሮው ነው የደከመው?”

አንዱን ጫማ እንደያዘ ቀረ። እውነትም ማንም አላሰበውም፤ አለቃውም፣ አማካሪውም፣ እሱም። ከሁሉ የሚገርመው ጋሼ ራሱ አላሰበውም።

“አሁኑኑ ተሻገርና ንገረው።”

“ነገ የጆሮ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ። ራሱ ነው የጠየቀኝ። እነሱ ደህና መሆኑን ይነግሩታል፣ በቃ።”

“እነሱ ስለ ጆሮው ነው የሚነግሩት” አለችው። “ስለ ወንድሙ የሚነግረው ማን ነው?”

ማክሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ድምፅ ቀማሚው በመስታወቱ በኩል ወንድሙን ያያል። ጋሼን በሩ ወፍራም በሆነ ጠባብ ክፍል አስገብተው ማዳመጫ አድርገውለታል። ግድግዳው በስፖንጅ ተለብጧል። ጋሼ ቁልፉን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ግንባሩ በላብ ወርዝቶ። ለፈተና የቀረበ ሽማግሌ ማየት የሚያሳፍር ነገር አለው፤ በተለይ ፈታኙ አንተ ከሆንክ።

ሲያበቃ መርማሪዋ ወረቀቱን ይዛ እየሳቀች ወጣች። ወጣት ናት።

“አባቴ፣ ማን ነው እዚህ የላከዎት? ጆሮዎ እኮ የኔን ያስንቃል! ከዚህ በታች ማሽኑም አይወርድልኝ።”

“እውነትሽን ነው ልጄ?”

“ምን ልዋሽዎት?”

“እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ” አለ ጋሼ፤ ፊቱ እንደ መስኮት ተከፈተ። “የማሽንሽን ቁልፍ ልትጫኚ ስትይ ወንበርሽ ሲጥ ይላል። አንድ እግሩ ላልቷል፤ ሳያወድቅሽ አስጠብቂው።”

መርማሪዋ ዞራ ወንበሯን ነቀነቀችው። ሲጥ አለ። ኮሪደሩ ላይ ወረፋ የያዙት ሁሉ ሳቁ። ጋሼም ሳቀ፤ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ሆስፒታል ደውሎ “ነገ እገባለሁ፣ ወንበሬን እንዳትለምዱት!” አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። የወንድሙን ክንድ ይዞ በኮሪደሩ ጥቂት ተራመደ። ከዚያ እርምጃው ቀስ አለ። አሰበ። ማሰቡ ለድምፅ ቀማሚው ተሰማው፤ ክንዱ ላይ ያለችው እጅ ከበደችው።

“ያን ዕለት ነፋስ ነበር መሰለኝ” አለ ጋሼ።

“እ?”

“ነፋስ ድምፅ ይወስዳል። ባይሆን ኖሮ እሰማው ነበር። አንተም እንዳልሰማሁ ስታይ ደንግጠህ ነው እንዲያ ያልከው። አይደል?”

የማምለጫውን በር ጋሼ ራሱ ከፈተለት። ታናሹ ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር ለእናታቸው “ድመት ናት” እያለ እንደሚያስመልጠው ሁሉ። አንዲት “አዎ” ብቻ ትበቃ ነበር፤ ጋሼ ነገ ሥራው ይገባል፣ የድምፅ ቀማሚውም ሚስት ቁጣዋ ይበርዳል። ጋሼም እያወቀ አላወቀም ሆኖ ይኖራል።

“ነፋስ አልነበረም ጋሼ” አለ። “የኔ ድምፅ ነው የማይሰማው። እዚያው አውቄዋለሁ። አንተ ላይ ያሳበብኩት አውቄ ነው።”

ጋሼ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እጁን ከወንድሙ ክንድ ላይ አነሣ፤ የማይፈልገውን ዕቃ ወደ ቦታው እንደሚመልስ ሰው፣ በቀስታ።

“መኪኖቹ ወጡ?”

“ቅዳሜ ወጡ።”

“በዚያው ድምፅ?”

“በዚያው።”

“ሆስፒታሉ በር ላይ ይቆማሉ?”

“ታክሲ አይደሉ? ይቆማሉ።”

ጋሼ ግድግዳውን በመዳፉ ዳብሶ አግዳሚ ወንበሩን አገኘና ተቀመጠ። ዘንጉን ጭኖቹ መካከል አቆመው። “እኔ ደግሞ ‘ጆሮህ ደህና ነው’ ስባል ተደስቼ ነበር” አለ። “ጆሮዬ ቢሆን ኖሮ፣ ቤት የሚቀመጠው አንድ ዓይነ ስውር ብቻ ነበር።”

ድምፅ ቀማሚው ማታ ቤቱ ሆኖ ለአለቃው በትሕትና ሊጽፍ ይችላል፤ ‘ከተጨማሪ ጥናት በኋላ አነስተኛ ማሻሻያ እንደሚያስፈልግ’ ምናምን። የጋሼ ስም ሳይነሣ፣ የሐሙሱ ነገር ሳይነሣ። ድምፁን መለወጥ የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ማንም ሳይዋረድ ያልቃል። በልቡ ጽሑፉን ጀምሮትም ነበር፤ “እንደሚታወቀው” የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ጠላው።

ከወንድሙ አጠገብ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፣ የአለቃውን ቁጥር ነካና አግዳሚው ላይ፣ በሁለቱ መካከል አስቀመጠው። መጥራት ሲጀምር የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፈተ። ወረፋ የያዙት ዘወር ዘወር አሉ።

“ወዬ ቀማሚው!” አለ አለቃው፤ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። “ሰላም ነው? ምን አዲስ ነገር አለ?”

ጋሼ ራሱን ወደ ቀኝ ትከሻው ዘንበል አደረገ።

“ስለ ወንድሜ ጆሮ ነው የደወልኩት” አለ ድምፅ ቀማሚው፣ ጮክ ብሎ።