ያልወጣ አሜን

"ተኝተዋል" አለች አስታማሚዋ፣ የግቢውን በር ገርበብ አድርጋ ክፍተቱን በገላዋ እንደሞላችው።

ውሸት ነበር። አሮጊቷ መስኮቱ ሥር በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሻዩ ስኳር አነሰው እያሉ ገና አሁን ሲነጫነጩባት ነበር።

በሩ ላይ የቆመችው ሴት ሻንጣ አልያዘችም። አንዲት ትንሽ ቦርሳ በሁለት እጇ ጨብጣ ማንጠልጠያውን ታፍተለትላለች። ጸጉሯ ከግንባሯ ጀምሮ ነጭ ሆኗል። አስታማሚዋ ማን እንደሆነች ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ያን ሲናደድም ሲያዝንም ወደ ላይ የሚቀና አገጭ በአሮጊቷ ፊት ላይ በየቀኑ በሳሙና ታጥበዋለች።

"ልጇ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። "ነገ በጠዋት ነው የምመለሰው። እናቴ ከነቃች ፊቷን ብቻ አይቼ ልሂድ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ሐኪሙ እንዳይረበሹ ብሏል።" ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀሎ ወጣላት።

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። ስልክ ቁጥሯን በአስታማሚዋ ስልክ ላይ ራሷ መዘገበችና "ያረፍኩት መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ እስከ ማታ የትም አልሄድም" አለች። ጥቂት ከተራመደች በኋላ ዞር ብላ "አንቺ ነሽ መሰለኝ የምታስታምሚያት። የኔን ሥራ ነው የምትሠሪው። እግዜር ይስጥሽ" ብላ ሄደች።

ብትሰድባት በተሻላት ነበር። አስታማሚዋ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት።

"ማን ነበር?" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

"ቤት የተሳሳተ ሰው ነው፣ እማማ።"

"ለተሳሳተ ሰው ይሄ ሁሉ ወሬ?"

አሮጊቷን የሠፈሩ ሰው ከኋላቸው "ወይዘሮ መርፌ" ይላቸዋል፤ ለሙያቸውም ለምላሳቸውም። ይህን ቤት ከነግቢው ያቆሙት በአንድ የስፌት መኪና ነው። የከተማው ግማሽ ሙሽራ እሳቸው በሰፉት ልብስ ነው የተዳረው። ለአንድ ልጃቸው ግን አልሰፉላትም። ያልወደዱትን ሰው ልታገባ ስትወጣ "ከእንግዲህ እዚህ ደጃፍ ድርሽ እንዳትዪ" አሏት። ልጅቷም በእልኳ ቁርጥ እናቷን ነበረችና ድርሽ ሳትል ቀረች። ከዚያ ባላቸው ሞቱ፤ ከዚያ ስትሮክ መጣና ግራ ጎናቸውን ወሰደው። እዚህ ቤት የልጅቷ ስም አይነሣም።

አስታማሚዋ ሌላ ሥራ እስክታገኝ ብላ ነበር የገባችው፤ ስምንት ዓመት ሆናት። አሮጊቷን ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ጠዋት ይሰድቧታል፣ ማታ ይመርቋታል። ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ጓሮ ባለችው ክፍል ውስጥ ነው። ዝናብ ሲመጣ አልጋው ወደየትኛው ጥግ እንደሚገፋ ልጆቹ ሳይነገራቸው ያውቃሉ። ታዲያ በቅርቡ አሮጊቷ እግራቸውን እያሸችላቸው ሳለ ድንገት "ቤቱን ላንቺ አደርገዋለሁ። ሌላ ማን አለኝ?" አሏት። መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ጠበቃው ከሁለት ምስክሮች ጋር ሊያስፈርማቸው ይመጣል።

ባሏ በያጅ ነው። ለዛሬ ብሎ ከጋራዡ ቀደም ብሎ ወጥቶ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆሟል። በመዳፉ የመስኮቱን ስፋት ይለካል።

"ይቺን ሰፋ አደርጋታለሁ" አለ። "ልጆቹ እዚህ ጋ ያጠናሉ። ወደ መንገዱ በኩል ደግሞ ለኔ አንዲት የብየዳ ቤት። የሰው ጋራዥ በቃኝ፤ ወገቤም በቃኝ ብሎኛል።"

"ልጃቸው መጥታ ነበር።"

መዳፉ ከመስኮቱ ላይ ወረደ። "የትኛዋ ልጃቸው?"

"ስንት አላቸውና!"

"ምን አልሻት?"

"ተኝተዋል አልኳት።"

ባሏ ትንፋሹን ለቀቀ። "ጎሽ" አለ። ከዚያ በገዛ ቃሉ ያፈረ ይመስል ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ፣ እኛ ምን በደልን? አልሰረቅን፣ አልለመንን። ራሳቸው ናቸው ያመጡት ነገር። ይሄን ሁሉ ዓመት እሷ የት ነበረች? ማን ነው ሲያገላብጣቸው የኖረው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ! 'ጌታ ሆይ፣ ለልጆቼ ጣራ ስጠኝ' እያልሽ ስታለቅሺ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ? ይኸው ሰጠሽ። አልቀበልህም ልትዪው ነው?"

አስታማሚዋ የአሮጊቷን ሾርባ ማማሰሏን ቀጠለች። ለራሷም ከጠዋት ጀምሮ ስትለው የዋለችው ይኸንኑ ነበር፤ ከባሏ አፍ ስትሰማው ግን ሌላ ሆነባት።

"እሱ ከሰጠኝ ለምን እደብቀዋለሁ?" አለች።

ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም። ወገቡን ይዞ በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። "ዛሬን ብቻ ዝም በዪ" አላት፣ እንደመለመን እያለ። "ዛሬን ብቻ። ነገ ሴትዮዋ ትሄዳለች።"

አሮጊቷ ከምሳ በኋላ ሳይጸልዩ አያሸልቡም። ግራ እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው፣ አስታማሚዋ ከፊታቸው ተንበርክካ ያን እጅ ታነሣና ከቀኙ ጋር ታጋጥምላቸዋለች። ሁለቱንም በራሷ እጆች ትደግፋቸዋለች። ጸሎታቸው ረጅም ነው፤ መርፌም አያጣውም።

"ጌታ ሆይ፣ ስላበላኸን ተመስገን፤ ጨው ቢያንሰውም። ያንን ጎረቤታችንን ልብ ስጠው፤ ወይ ልብ ስጠው ወይ ሬዲዮኑን ስበርልኝ። የዚህችን ባል ወገቡን ማርለት። ልጆቿን አሳድግላት። እሷንም ባርክልኝ፤ በእርጅናዬ የሰጠኸኝ ልጅ እሷ ናት።"

አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይጨርሳሉ። ዛሬ ግን ቆም አሉ።

"ያችንም..." አሉ። "ያችንም አንተ ታውቃታለህ። ካለች፣ ባለችበት ጠብቃት።"

አሜን የሚለው የአስታማሚዋ ፋንታ ነበር። አፏን ከፈተች። ቃሉ አልወጣም።

"አሜን በዪ እንጂ" አሉ አሮጊቷ። "ምላስሽን ዋጥሽው?"

"አልችልም፣ እማማ።"

"ምኑን ነው የማትችዪው?"

"ጠዋት የመጣችው ልጅዎ ናት። ተኝተዋል ብዬ መለስኳት። ቤቱ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው።"

አስታማሚዋ ስድቡን ራሷን አቀርቅራ ጠበቀች። አልመጣም።

"ምን ትመስላለች?"

"አገጯ የእርስዎ ነው። ጸጉሯ ሸብቷል።"

"ሸብቷል?" አሮጊቷ ቃሉን የማያውቁት ይመስል ደገሙት። "ልጄ ሸበተች?"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግን ወዲያው ያ አገጭ ወደ ላይ ቀና።

"ይሁን" አሉ። "ዋሽተሽኛል፤ ራስሽ ደግሞ ተናግረሻል። ይብቃ። ጠበቃው ይምጣ፣ እፈርማለሁ። እሷ የሄደች ናት፣ አንቺ የቆየሽ ነሽ። ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ባሏ ግንባሩን ጠረገና "ተመስገን" አለ በሹክሹክታ። አስታማሚዋም ልትለው ቃጥቷት ነበር። ተናዘዘች፤ ቤቱም አልቀረባት። እዚህ ላይ ብትነሣና የሾርባውን ሳህን ብታጥብ ከሰው ማንም አይወቅሳትም።

ነገር ግን የአሮጊቷ እጆች አሁንም በእጆቿ ውስጥ ነበሩ። ጤነኛው እጅ በድኑን እጅ አጥብቆ ይዞታል። ይህን ገላ ታውቀዋለች። አፋቸው "ምንም አላመመኝም" ሲል የት ላይ እንዳመማቸው የምታውቀው በዚህ እጅ ነው።

"እማማ" አለች፣ "መፈረም ከፈለጉ ነገም ይፈርማሉ። ባይፈልጉም ይቅር። አሁን ግን ልጥራት።"

"ቤቱን ታጫለሽ፣ አንቺ ቂል!"

"አውቃለሁ።"

"የጓሮዋንም ክፍል ጭምር። እሷ እንደኔ ለስላሳ መሰለችሽ?"

አስታማሚዋ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ እንባዋም አብሮ ወረደ። "አውቃለሁ፣ እማማ። ልጆቼን የት ይዤ እንደምገባ አላውቅም። ግን እግዚአብሔር ልጅዎን በር ድረስ አምጥቶልዎታል፤ የመለስኳት እኔ ነኝ። እሷን ሳልጠራ አሜን ማለት አልችልም። አሜን ሳልል ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥም ሆነ ሌላ ቤት ውስጥ መኖር አልችልም።"

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። አስታማሚዋ "አትደውዪ" እስኪሏት ጠበቀች። አላሉም።

የግቢው በር ተንኳኳ፤ ወዲያውም የጠበቃው ድምፅ ከምስክሮቹ ሳቅ ጋር ተሰማ።

"መጡ" አለ ባሏ። ዓይኑ ከሚስቱ ወደ አሮጊቷ፣ ከአሮጊቷ ወደ ሚስቱ ተንከራተተ።

"ክፈትላቸው" አለችው። "በፀሐይ ነው የመጡት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ስጣቸው። ፊርማው ግን ለዛሬ እንደማይሆን ንገራቸው።"

ባሏ የማያውቃት ሴት ይመስል አያት። አንዴ ደግሞ በሩ ተንኳኳ። የነጭ ሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ፈታና፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ ቀስ እያለ ወጣ።

አስታማሚዋ ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣች። ቁጥሩን ነካችው። መጥራት ሲጀምር ወደ ራሷ ጆሮ አላስጠጋችውም። የአሮጊቷን የራስ መሸፈኛ ገለጥ አድርጋ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አኖረችና እንዳይወድቅ በእጇ ደገፈችላቸው።