በእግሩ ወጣ

ያን የውድድር ዘመን ሰው የሚያስታውሰው በዋንጫው ነው። ከሊጉ ጭራ ተላቆ የማያውቀው የወደብ ሠራተኞች ቡድን ዓመቱን ሙሉ ሲመራ ከርሞ በመጨረሻው ቀን ዋንጫውን ያጣበት ዓመት ነው። እኛ ቤት ግን ስለ ዋንጫው ያዘነ ሰው አልነበረም።

አባቴ በራዲዮ ኳስ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ ነበር። አገሩ ሁሉ ነጎድጓድ ይለዋል። ቤት ሲገባ ግን ቃል ከአፉ በወረንጦ ነው የሚወጣው። እናቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ድምፁን ለአገር ሰጥቶ ጨረሰው፤ ለእኔ የቀረኝ ሳሉ ነው» እያለች ታስቃለች።

እሷ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ መንገዱን በሚያየው ክፍል መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ራዲዮኑ ደግሞ ከክር መደርደሪያው ላይ። የኳስ ሕግ የሚባል ነገር አታውቅም። አባቴ «ከጨዋታ ውጪ» ሲል፣ «ይሄን ልጅ አሁንም አስወጡት? ምን አድርጎ ነው?» ብላ ከልቧ ታዝን ነበር። ጨዋታውን የምትከታተለው በባሏ ድምፅ ነው። ከፍ ሲል የመኪናውን ፔዳል ትተዋለች፤ ዝቅ ሲል ትቀጥላለች። «እሱ የሚያየውን እኔ ከጉሮሮው አየዋለሁ» ትል ነበር፤ እውነቷንም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የዚያ ቡድን የግራ ክንፍ ተጫዋች ነበር። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሸንበቆ ይሉታል። ጠዋት ወደብ ላይ ጭነት ሲቆጣጠር ይውልና ከሰዓት ልምምድ ይሄዳል። አባቴ «ለልጁ ያደላል» እንዳይባል ስሙን በማይክ ላለመጥራት ምሎ ነበር። ስለዚህ በራዲዮ «አስራ አንድ ቁጥር» ብቻ ነው የሚለው። ወንድሜም እራት ላይ፣ «አስራ አንድ ቁጥር ጨው ይፈልጋል፤ የሚያቀብለው ግን አላገኘም» ይላል፣ የአባቴን ድምፅ አስመስሎ። አባቴ ሳቁን ለመደበቅ ውኃ ይጠጣል።

በዚያ ዓመት ቡድኑ አልቻል አለ። ትልልቆቹን ሜዳቸው ድረስ ሄዶ አሸነፈ። እናቴ ጋ ልብስ ሊያሰፋ የሚመጣው ሰው ከልኩ ይልቅ የሚጠይቀው ስለ ልጇ ሆነ። ወንድሜ ወደ ውድድሩ ማብቂያ ላይ ደረጃችንን ሲወጣ መሃል ላይ ቆም ማለት አምጥቶ ነበር። እናቴ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብትለው፣ «ድካም ነው እማዬ፤ ውድድሩ ይለቅና እተኛለሁ» አላት። ሁላችንም ድካም ነው አልን።

ከመጨረሻው በፊት ባለው ጨዋታ ቀን እኔና እናቴ ብቻችንን ነበርን። እሷ የሙሽራ ሚዜዎች ቀሚስ ትሰፋለች፤ እኔ እተኩሳለሁ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል አባቴ፣ «አስራ አንድ ቁጥር ወድቋል» አለ። «ማንም አልነካውም። ዳኛው ጨዋታውን አስቁሟል።»

ከዚያ ዝም አለ። ራዲዮኑ የሕዝቡን ጫጫታ ብቻ አሰማን። እናቴ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ተነሳ» አለ አባቴ። «አዎ፣ ተነስቷል። አይዞን። በእግሩ እየወጣ ነው፤ ተቀያሪ ይገባል።»

«ተመስገን» አለች እናቴ። «ነግሬው ነበር እኮ፤ እንቅልፍ የለው፣ ምግብ የለው።» እግሯን ወደ ፔዳሉ መለሰች።

እዚያ የሆነውን በኋላ የነገረን አብሮት የነበረው ቴክኒሻን ነው። ወንድሜ የወጣው በቃሬዛ ነበር። የቡድኑ ሐኪም ሜዳው ዳር ተንበርክኮ ደረቱን ሲጫን ቆይቶ እጁን አነሳ። አባቴ ከላይ ሆኖ አየው። ማይኩን በመዳፉ ሸፍኖ ቴክኒሻኑን፣ «ታናሽ ወንድሜ አውቶቡስ ዴፖ ነው ያለው፤ ስልክ ደውሉለት። ቤት ይሂድ። ባለቤቴ አጠገቧ ሰው ሳይኖር እንዳትሰማ» አለው። እናቴ ደም ብዛት አለባት፤ የእህቷን ሞት በድንገት የነገሯት ጊዜ ወድቃ በስንት መከራ ነው የተረፈችው።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር ላድርግ፤ ዘፈን እንልቀቅ፤ አንተ ሂድ ወደ ልጅህ» አለው ቴክኒሻኑ።

«እኔ ካቆምኩ ታውቃለች» አለ አባቴ። እጁን ከማይኩ አንስቶ «ተነሳ» አለ።

በሁለተኛው አጋማሽ በወንድሜ ቦታ የገባው ተቀያሪ ጎል አገባ። አባቴ ጎሉን ጠራ፤ እንደ ወትሮው አስረዝሞ፣ ትንፋሹ እስኪያልቅ። እናቴ መቀሱን አስቀምጣ አጨበጨበች። «በል፣ እሱም ይህን ሲሰማ ይሻለዋል» አለችኝ።

አጎቴ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ፤ አገባን እኮ» አለችው እናቴ።

«እትዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

«ቁጭ ብዬ የለ?»

አጎቴ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ራዲዮኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ፤ እጁ ግን መዝጊያውን ስቶ ክሮቹን ዳበሰ። እናቴ ያን እጅ አየች። ምንም ሳይነግራት አወቀች። አባቴ ያኔም የማዕዘን ምት ሊመታ መሆኑን እየተናገረ ነበር።

ቡድኑ በመጨረሻው ጨዋታ የአስራ አንድ ቁጥርን ማሊያ ለማንም ሳይሰጥ ገባና ተሸነፈ። የተናደደ ደጋፊ አልነበረም አሉ፤ ስታዲየሙ ዝም ብሎ ተበተነ። አባቴ እዚያ አልነበረም። ከዚያ ወዲያም ማይክ አልነካም፤ ራዲዮ ጣቢያው መዝገብ ቤት ውስጥ ድምፅ የተቀዳበትን የቴፕ ክር ሲያደራጅ እስከ ጡረታው ቆየ።

ለቅሶ የመጣው ሰው እየሳሳ ሄዶ ሦስታችን ብቻ በቀረንበት ጠዋት እናቴ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ተነሳ ስትለኝ የት ነበር?»

«ቃሬዛ ላይ።»

«አብቅቶ ነበር?»

አባቴ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚያ ጎል ብለህ ጮህክ። እኔም አጨበጨብኩ። ልጄ ሞቶ እኔ አጨበጨብኩ።»

«እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው።»

«ብወድቅስ? እናቱ አይደለሁም?»

ራዲዮኑን ለአጎቴ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ተጣሉ አይባልም፤ ታረቁም አይባልም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሸሚዙን ትተኩስለታለች፣ ሲያመው ታስታምመዋለች። ቀልዷ ግን ቀረ። ከተማው ደግሞ ምንም ሳያስበው አባቴን ሲያቆስለው ኖረ፤ ሰው የማይሆን ተስፋ ሲሰጥ፣ «በእግሩ ወጣ በለኛ» ይባባል ጀመር። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር መንገድ ይቀይራል።

አምና አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ቤት ድረስ መጣች። ጣቢያው የዚያን ዓመት ታሪክ ሊዘክር ነው፤ ጨዋታውን ከክሩ አውጥተው ሙሉውን ሊያሰሙ ነው። ፈቃድ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

«ተነሳ ያለበትንም?» አለች እናቴ።

ልጅቷ አቀረቀረች። «እማማ፣ ካላችሁ እንቆርጠዋለን።»

«ቁረጡት። እኔ ግን አሁን ልስማው።»

አባቴ ሊነሳ ሲል፣ «ተቀመጥ» አለችው። ጋዜጠኛዋ ከስልኳ ከፈተችው። የአባቴ የጎልማሳነት ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እናቴ አንገቷን ደፍታ ሰማች። «ተነሳ» ያለበት ጋ ስትደርስ፣ «ድገሚልኝ» አለች። ሁለተኛም አስደገመች።

«እዚህ ጋ ትንፋሽህ ተቆርጧል» አለች ወደ እሱ ሳትዞር። «ያንተን ጉሮሮ የማውቅ ሴት። እንዴት አልሰማሁትም?»

«እንዳትሰሚ ነበር የለፋሁት» አለ አባቴ።

እናቴ ወደ እሱ ዞረች። ከዚያ፣ «ለፍተሃል» አለችው፤ «አሁን ገና አየሁት።»

ይቅር አልኩህ አላለችም። እሱም አልጠየቀም። ጋዜጠኛዋ ከሄደች በኋላ ግን ሁለቱም አንድ አግዳሚ ላይ ቆዩ።

ዝግጅቱ በሚተላለፍበት ቀን እናቴ ቤት መቀመጥ አልፈለገችም። ጎረቤት ከፍቶት እንዳትሰማ ፈርታ፣ ወደ ወንድሜ መቃብር እንሂድ አለችን። ሦስታችን ወጣን። ያላሰብነው ነገር፣ ከተማው ሁሉ ራዲዮ መክፈቱን ነው። ፀጉር አስተካካዩ ቤት የአባቴ ድምፅ ነበር። ጎማ የሚያድሰው ሰውዬ ጋ የአባቴ ድምፅ ነበር። ጫማ መሸጫው በር ላይ ሰዎች ከበው ቆመው ይሰሙታል፤ አንዱም ዘወር ብሎ ሽማግሌውን አላወቀውም። አባቴ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። እናቴ ክንዱን ያዘችው፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ስትይዘው አይቼ አላውቅም።

«አውቶቡስ እንያዝ፤ ቶሎ እንርቃለን» አለች።

አውቶቡሱ ውስጥም ተከፍቷል። ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጥን። አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

እናቴ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ «ልጄ፣ እባክህ ይህን ዝጋልኝ» አለችው ሹፌሩን።

«እማማ፣ ታሪካዊ ጨዋታ እኮ ነው። አሁን ጎል ሊገባ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

ሹፌሩ ፊቷን በመስታወቱ አየው። አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ዘጋው። ከኋላ ያሉት ሰዎች አጉረመረሙ፤ አንዱማ ውረጂ ሊላት ምንም አልቀረውም። እናቴ አልዞረችም። መቃብሩ ጋ እስክንወርድ ድረስ የአባቴን ክንድ እንደያዘች ነበረች።