ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ የተገኘው ሙዝ

ባልደረባችንን ፍተሻ ነው የምንለው። ስራው ተመራማሪነት ነው፣ ግን ማንጎዎቹ ወዳሉበት ቀዝቃዛ ክፍል ሰው ሲገባ በር ላይ ቆሞ ኪስ ያስገለብጣል። ሙዝ ይዞ የሚገባ እንዳይኖር ነው። የበሰለ ሙዝ የሚያወጣው ጋዝ አጠገቡ ያለውን ፍሬ ሁሉ ያበስላል። አለቃችንን እንኳን ቦርሳቸውን አስከፍቷቸው ያውቃል። "ሙዙ አለቃ መሆንዎን አያውቅም" ሲላቸው በሳቅ ልንሞት።

ሙከራው ግማሹን ማንጎ የንብ ሰም ቀብተን፣ ግማሹን እንዲሁ ትተን የቱ ቶሎ እንደሚበላሽ ማየት ነው። የማንጎ ወቅት እያለቀ ስለነበር ይሄ ከከሸፈ እስከ ከርሞ ሌላ የለም። ማንጎው ደግሞ ከፍተሻ አባት ጓሮ የመጣ ነው። ሆስፒታል ተኝተው እንኳን "ማንጎዬ እንዴት አደረ?" ይሉት ነበር።

አባቱ ሞቱ። ትንሽ ቤት ተቀመጥ ብንለው እምቢ አለ፣ ከቀብሩ ማግስት ጋዋኑን ለብሶ መጣ። አላለቀሰም። ስናጽናናው "እሺ፣ እሺ" ይላል፣ ስልክ ቁጥር እንደሚነግሩት ሰው።

ከዚያ አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። የተቀባውም ያልተቀባውም ማንጎ እኩል ቢጫ ሆኗል፣ ጫን ሳደርገው ጣቴ ይሰምጣል። ታችኛው መደርደሪያ ጥግ ላይ ፌስታል አገኘሁ፤ ውስጡ የጠቆረ ሙዝ። የማነው ይሄ ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ መጣ። ፍተሻ ፌስታሉን አየና የኔ ነው አለ።

መጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር።

"የአባዬ ነው" አለ። "ሆስፒታል ራስጌው የነበረ። እህቴ ልትጥለው ስትል ተቀበልኳት። እንዳይበላሽ ብዬ።"

እሱን የሚፈትሽ ሰው አልነበረማ።

አለቃችን አልተቆጡም። ሙከራው እንደቀረ፣ ማንጎው እንዲጣል ተናገሩና ትከሻውን ነካ አድርገውት ወጡ። ካርቶን አምጥተን መልቀም ጀመርን። ፍተሻ መሀል ላይ አንዱን ማንጎ ቆረጠና ቆሞ በላው። እኔም ከልማድ ከአፌ አምልጦኝ ሁሌ ቅምሻ ላይ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ነጥብ ስንሰጥ የምንጠያየቀውን ጠየቅኩት።

"ጣፋጭነቱ ከዘጠኝ ስንት?"

አኘከ አኘከና "እንጃ፣ እስቲ አንተ ቅመሰው" ብሎ ግማሹን ሰጠኝ።

ቀመስኩት። እንደሱ የሚጣፍጥ ማንጎ በልቼ አላውቅም።

"ዘጠኝ" አልኩት።

"እሺ" አለና ወደ መልቀሙ ተመለሰ።