ለእኔ የተዘጋው ፎልደር

«ይህን ፎልደር ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም» አለኝ ኮምፒውተሩ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ! አንቱ ማለቱ ደግሞ ይባስ አናደደኝ። የሚያዋርድህ ሰው በአክብሮት ሲያዋርድህ መልስ እንኳ አይኖርህም።

ሠላሳ አራት ዓመት በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። መጽሐፍም ጋዜጣም እኔ ሳላየው ማሽን ላይ አይወጣም ነበር። ባለቤቴ የማዋለጃ ክፍል ነርስ ነበረች። ከሞተች ሰባት ወሯ ነው። ፎልደሩ የእሷ ነው።

ስለ ፎልደሩ የነገረችኝ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጃችን ናት። እናቷ ያዋለደቻቸውን ሴቶች ታሪክ፣ የራሷንም የልጅነት ነገር፣ በድምጿ ስትቀዳላት ከርማለች። ስጨርስ አንድ ላይ እልክልሻለሁ ብላት ነበር አሉ። ሳትጨርስ ሄደች። ይህን እንደሰማሁ ወደ ኮምፒውተሩ ሮጥኩ፤ ምክንያቱም በዚያ ሰሞን አንድ የማልናገረው ነገር ያስፈራኝ ነበር። መልኳን አልረሳሁም፣ ፎቶዋ ግድግዳው ላይ አለ። ድምጿ ግን እየጠፋብኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ከወጥ ቤት ሆና እንዴት እንደምትጠራኝ ለማስታወስ ብሞክር፣ በሬዲዮ ዜና አንባቢዋ ድምጽ መጣልኝ። በቤቱ ውስጥ ከማቀዝቀዣው በቀር ድምጽ የሚያሰማ ነገር የለም።

ፎልደሩ አልከፈት ሲለኝ ለልጄ ደወልኩ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ እዚህ ጋ ተጫን፣ እዚያ ጋ ግባ እያለች መራችኝ። መጨረሻ ላይ የስሞች ዝርዝር ወጣ። ማን መክፈት ይችላል፣ ማን አይችልም የሚል ነው። የባለቤቴ ስም አለ፣ የእኔም አለ። ከእኔ ስም ትይዩ «ይከልከል» በሚለው ረድፍ ላይ ከላይ እስከ ታች ምልክት ተደርጎበታል። ማሽኑ ተሳስቷል አልኳት። እንዲህ ዓይነት ስህተት ስንቱን አይቻለሁ ብዬ ልተነትንላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ የዘጋሁብህ» አለች። «ቤት የመጣሁ ጊዜ እማዬ ጠይቃኝ ነው።»

«ምን አጠፋሁ?»

«ስታወራ ታርማታለህ። ሦስት ጊዜ ጀምራ ሦስቱንም አቋርጠሃታል። የተቀዳውንም ከፍተህ ስህተት ትለቅምበታለህ ብላ ፈራች።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ እኮ የማግዛት ይመስለኝ ነበር። እንግዳ መጥቶ እሷ ወግ ስትጀምር፣ ማክሰኞ ነበር ካለች ረቡዕ ነው እላለሁ፤ አምስት ነበርን ካለች ስድስት ነን እላለሁ። ከዚያ «በሉ እሱ ይንገራችሁ» ብላ ሳህን ማንሳት ትጀምራለች። እኔም እነግራቸዋለሁ፣ ምን ይሳነኛል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር፣ ሳህኑን የምታነሳው ምግቡ ተበልቶ ስላለቀ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ አንድ ነገር ጨመረች። የኮምፒውተሩ ዋና ተጠቃሚ እኔ ስለሆንኩ፣ ከፈለግኩ የፎልደሩን ባለንብረት ለውጬ ለራሴ ፈቃድ መስጠት እችላለሁ። አድርግም አታድርግም አልልህም አለችኝ። እንዴት እንደሚደረግ ግን ነገረችኝ።

ሁለት ቀን ኮምፒውተሩ ባለበት ክፍል አልገባሁም። ባለቤቴ አይግባብኝ ብላለች፣ ምን ቀረኝ? በሦስተኛው ቀን የሬዲዮዋ ሴት እንደገና በወጥ ቤቱ በኩል ስትጠራኝ ግን ተሸነፍኩ። ባለንብረት በሚለው ቦታ የባለቤቴን ስም አጥፍቼ የእኔን ጻፍኩ፤ «ይከልከል» የሚለውንም ምልክት አነሳሁ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ቃል ሰርዣለሁ፤ የባለቤቴን ስም ግን ሰርዤ አላውቅም ነበር።

ተከፈተ። አሥራ ዘጠኝ የድምጽ ቅጂ አለ። የመጀመሪያውን ተጫንኩ። ሰማያዊዋ መስመር ከፍ ዝቅ እያለች መሄድ ጀመረች። ድምጽ ግን የለም። የምትወዛወዘዋ መስመር የባለቤቴ ድምጽ ናት፤ ስታወራ በዓይኔ እያየሁ አልሰማትም። በስፒከሩ ምልክት ላይ ቀይ ኤክስ ተቀምጧል።

ሠፈራችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው አለ፣ ዶክተር ነው የሚሉት። ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ፎርማት እናድርገው ይላል። ፎርማት ማለት ጠራርጎ ማጥፋት ነው። ይህን ቃል ዳግመኛ ካነሳህ እንጣላለን አልኩት። ደንግጦ ወንበር ሰጠኝና ሁኔታውን አስረዳኝ። ኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ስፒከሩ ይሰማል፤ በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚያስተረጉመው ድራይቨር የሚባለው ፕሮግራም ነው የተበላሸው። ማሽኑን ያምጡልኝ አለኝ። ከቤቴ አይወጣም አልኩት። አዲሱን ድራይቨር በፍላሽ ሰጥቶኝ፣ የሚደረገውን በወረቀት ጻፈልኝ። አንደኛ፣ አሮጌውን ማጥፋት። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩን ዘግቶ መክፈት። ሦስተኛ፣ አዲሱን መጫን።

ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳየው ቅደም ተከተሉ አልጣመኝም። አዲሱ ቤት ሳይሠራ አሮጌውን የሚያፈርስ ማን ነው? ቀይ እስክሪብቶዬን አንስቼ አንደኛውን ወደ ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን ወደ አንደኛ በቀስት አዛወርኩ። በማተሚያ ቤቱ ደንብ፣ በጥሩ እጅ። ከዚያ ባረምኩት መሠረት አዲሱን ጭኜ አሮጌውን አጠፋሁ። ሁለቱም ተያይዘው ጠፉ። የስፒከሩ ምልክት ራሱ ከነኤክሱ የለም።

ወረቀቱን ይዤ ተመለስኩ። ዶክተር አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማነው ያረመው?»

«እኔ ነኝ» አልኩት። ይህን ቃል አፍሬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

አልሳቀብኝም። ሱቁን ቆልፎ አብሮኝ መጣ። እሱ ሲሠራ ከኋላው ቆሜ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ ጠበቅኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ስፒከሩ ቲንግ ሲል በአንድ ቅጂ እንሞክረው አለኝ። በቃ፣ ተሠርቷል ብዬ አመስግኜ ሸኘሁት። ሌላ ሰው ባለበት ልሰማት አልፈለግኩም።

ድምጿ መጣ። ያቺው ናት፣ ከመጀመሯ በፊት ጉሮሮዋን የምትጠርገው። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም። ገና ሁለት ደቂቃ ሳታወራ በር ተከፍቶ የአንድ ሰው ድምጽ «የዝናቡ ዓመት አይደለም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነው» አለ። ቅጂው እዚያ ላይ ተቋረጠ። ሁለተኛውም እንደዚሁ፣ ሦስተኛውም። ያ ሰውዬ ሲናገር እንዴት እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

ከአራተኛው ጀምሮ በር የሚከፍት የለም። ጋዜጣ ልገዛ ወጥቼ ስቆይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የቀዳችው ነው። ሚስቱ ስታምጥ ራሱን ስቶ የወደቀ ባል ነበረ፤ አልጋ ስለጠፋ ከሚስቱ ጎን አጋደሙትና ምጡን እሱ የያዘው ይመስል ዘመድ ሁሉ አይዞህ ሲለው ዋለ አለች። እየሳቀች ነው የምታወራው። እንዲህ ረዝሞ የሚሄድ ሳቅ እንዳላት እስከዚያ ቀን አላውቅም።

የመጨረሻው ቅጂ ልጃችን ስለተወለደችበት ቀን ነው። «ሐሙስ ነበር» አለችና ዝም አለች። ቀን በጠራች ቁጥር ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ ያ ዝምታ የእኔ ቦታ ነበር። ልጃችን የተወለደችው ዓርብ ነው። ዓርብ ማሽን ላይ የሚወጣውን ጋዜጣ ሳልጨርስ ጥዬ ሮጬ ነው ሆስፒታል የደረስኩት። አፌን ከፈትኩ፤ መልሼ ዘጋሁት። ማንም እንዳልገባ ስታይ ነው መሰለኝ፣ ቀጠለች።

ሁሉንም ለልጄ ላክሁላት። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ደወለች። አልቅሳለች፣ ከድምጿ ያስታውቃል። ብዙ አወራንና መጨረሻ ላይ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ የተወለድኩት ሐሙስ ነው እንዴ? አንተ ሁሌ ዓርብ አልነበር የምትለኝ?»

«እሷ ናት የወለደችሽ» አልኳት። «ሐሙስ ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ወንበሬ ተመለስኩና ያንኑ ቅጂ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ሐሙስ ነበር ብላ ዝም ስትል እኔም ዝም አልኩ።